ከግድግዳው እስከ ማኅፀን፦ ዲ.ዲ.ቲ. እና ያልተወለደው ሕፃን

ወባ በሚበዛበት ቆላ ያደገ ሰው ሁሉ ዲ.ዲ.ቲ.ን በስም ብቻ ሳይሆን በሽታውም ያውቀዋል። በትከሻቸው ፓምፕ ያነገቱ የወባ ሠራተኞች መጥተው ዕቃ ሁሉ ከቤት ይውጣ ይላሉ፤ የጭቃው ግድግዳና የጣራው ሥር ይረጫል፤ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይቀራል። ማታ ቤተሰቡ ተመልሶ ገብቶ እዚያው ያድራል። ነገሩ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ሲሆን ኖሯል፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ዛሬ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ልናነሳው የፈለግነው ግን ሌላውን ገጽታ ነው። ይኸውም እቤቱ ውስጥ ያደረችው ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ገና ያልተወለደው ልጅ ምን ይደርስበታል? በተለይም የመራቢያ አካሉ አሠራር ይነካል ወይስ አይነካም? የሚለውን ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዲ.ዲ.ቲ. በከንቱ እንዳይወነጀል ታሪኩን እናስቀድም። ቅመሙ በቤተ ሙከራ የተሠራው በ1874 ቢሆንም፣ ነፍሳት መግደሉን ያወቀው ፓውል ሙለር የተባለ የስዊስ ኬሚስት ሲሆን ጊዜውም 1939 ነበር። ሙለር ለዚህ ሥራው በ1948 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። አገራችን ደግሞ በ1958 እጅግ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ደረሰባት፤ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተጽፏል። በማግሥቱ ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመና ዲ.ዲ.ቲ. ዋናው መሣሪያ ሆነ። በኋላም ባቱ (ዝዋይ) አጠገብ ባለው የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ እዚሁ አገር ይዘጋጅ ነበር። የ1958ቱን እልቂት ያየ ትውልድ ዲ.ዲ.ቲ.ን እንደ መድኃኒት ቢያየው አይፈረድበትም።

ሆርሞን ምን ይሠራል?

ለመሆኑ ትንኝ ለመግደል የተሠራ ቅመም ከሰው ልጅ መውለጃ ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ያለው ሆርሞን ላይ ነው።

ሆርሞን ማለት በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ዕጢዎች ወደ ደም የሚለቁት መልእክተኛ ነው። መጠኑ እጅግ በጣም ጥቂት ነው፤ ኃይሉ ግን ብዙ ነው። መልእክቱን የሚቀበለው ሴል ደግሞ ለዚያ ሆርሞን ብቻ ልክ የሆነ ተቀባይ አለው። መልእክተኛውና ተቀባዩ ሲገጥሙ ሥራው ይጀመራል፤ ጡት ያድጋል፣ ጢም ይበቅላል፣ የወር አበባ ይመጣል። እንግዲህ አንዳንድ ሰው ሠራሽ ቅመሞች በቅርጻቸው ሆርሞን ይመስላሉ። ከነዚህ ግማሾቹ ተቀባዩ ላይ ተቀምጠው የሐሰት መልእክት ያስተላልፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዝም ብለው ቦታውን ይይዙና እውነተኛው መልእክተኛ መግቢያ አጥቶ ይመለሳል። ሁለቱም ዓይነት ሆርሞን አዋኪ ይባላሉ።

ዲ.ዲ.ቲ. ሁለቱንም ይሠራል። በገበያ የሚሸጠው ዲ.ዲ.ቲ. የተለያዩ ቅንብሮች ድብልቅ ነው፤ አንደኛው ቅንብር ደካማ ቢሆንም እንደ ሴት ሆርሞን (ኤስትሮጅን) ይሠራል። ዋናው ክፍል ደግሞ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ዲ.ዲ.ኢ. ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ዲ.ዲ.ኢ. የወንድ ሆርሞን (ቴስቶስትሮን) የሚቀመጥበትን ተቀባይ እንደሚዘጋ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1995 በአይጦች ላይ አሳይተዋል።

በነገራችን ላይ ፍንጩ ከዚያ በጣም ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1950 ሁለት ተመራማሪዎች ለጫጩት አውራ ዶሮዎች ዲ.ዲ.ቲ. እየወጉ አሳደጓቸው። ዶሮዎቹ አልሞቱም፤ የታመሙም አይመስሉም። ግን ኩክኒያቸው ትንሽና የገረጣ ሆነ፤ ሲታረዱ የዘር ፍሬያቸው ከጤነኞቹ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም ነበር። አውራ ዶሮ ያሳደገ ሰው ሁሉ ኩክኒ ማነስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያኔ ግን ሰው ሁሉ ስለ ትንኝ እንጂ ስለ ዶሮ አልተጨነቀም፤ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ቀረ።

በማኅፀን ውስጥ ጊዜ ማለት ሁሉም ነገር ነው

አሁን ወደ ፅንሱ እንሂድ። ይህን ክፍል ባዮሎጂ የማያስተምሩትም ቢሆኑ ረጋ ብለው ቢያነቡት መልካም ነው፤ የቀረው ሁሉ የተመሠረተው እዚህ ላይ ነውና።

ፅንስ ከተፈጠረ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወንድም ሴትም በመራቢያ አካል አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ለወንድ የሚሆን ጥንድ ቱቦ፣ ለሴት የሚሆን ጥንድ ቱቦ፣ ሁለቱንም ይዘው ይጀምራሉ። ወደ ሰባተኛው ሳምንት ግን ዋይ የተባለው ክሮሞሶም ያለው ፅንስ የዘር ፍሬ (ቆለጥ) መሥራት ይጀምራል። ይህ ገና ምስር የማታህል አካል ወዲያው ሁለት መልእክት ይልካል። አንደኛው የሴቷን ቱቦ አፍርስ የሚል ነው። ሁለተኛው ቴስቶስትሮን ነው፤ እሱም የወንዱን ቱቦ ያጸናል፣ ውጫዊውን የወንድ ብልት ያስገነባል፣ የሽንት መውጫውን እስከ ጫፍ ድረስ ይሰፋል። መልእክቱ ካልደረሰ አካሉ ሳይጨርስ ይቀራል።

ቆለጡ የሚፈጠረው ኩላሊት አጠገብ፣ ሆድ ውስጥ ነው። ወደ ከረጢቱ የሚወርደው በሁለት ደረጃ ሲሆን የመጨረሻው ጉዞ ከ25ኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ ለዚህም የወንድ ሆርሞን ያስፈልጋል። ለሴቷ ፅንስም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትጠቀምባቸው የዘር እንቁላሎች በሙሉ የሚዘጋጁት እሷ ራሷ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ነው፤ በእርግዝናው አጋማሽ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሱና ስትወለድ ወደ 1 ወይም 2 ሚሊዮን ይወርዳሉ። እንግዲህ ነፍሰ ጡሯ ሴት ልጅ ካረገዘች፣ በአንድ ሆድ ውስጥ የሦስት ትውልድ ነገር አለ ማለት ነው። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። የወንዱ ብልት መልኩ የሚወሰነው ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛዋ የገጠር እናት በዚያን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ አልሄደችም፤ አንዳንዷ ማርገዟንም በእርግጥ አላወቀችም። ትልቅ ሰው ላይ ሆርሞን ለጊዜው ቢታወክ፣ ቅመሙ ሲወጣ ነገሩ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። በፅንስ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ግድግዳ ገና እርጥብ ጭቃ ሳለ የተጫነበት ጣት ከደረቀ በኋላ ምልክቱ ይቀራል። የደረቀውን ግድግዳ ግን ብትደበድበውም የጣት ምልክት አይዝም። ትምህርት ቤት ስንማር መርዝ የሚሆነው መጠኑ ነው ይሉን ነበር፤ እውነት ነው፤ ለፅንስ ግን ጊዜውም እንደ መጠኑ ይቆጠራል።

ይህ ነገር በንድፈ ሐሳብ የቀረ አይደለም። ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በ1938 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ ዲ.ኢ.ኤስ. የተባለ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን ሠሩ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሐኪሞች ውርጃ ይከላከላል ብለው ለነፍሰ ጡሮች ያዙት ጀመር። በ1953 የወጣ ጥናት ምንም እንደማይረዳ አሳየ፤ መታዘዙ ግን ቀጠለ። (ይህ የሚያስገርም ነው፤ ግን ሐኪምም ልማድ አለው።) በ1971 ቦስተን ላይ በወጣት ሴቶች ዘንድ ፈጽሞ የማይጠበቅ የብልት ካንሰር 8 ሴቶች ላይ ተገኘ። ሲጣራ የ7ቱ እናቶች ሲያረግዟቸው ዲ.ኢ.ኤስ. ወስደው ነበር። ልጃገረዶቹ ሲወለዱ ቆንጆና ጤነኛ ነበሩ። ጉዳቱ የታየው ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ካንሰሩ የያዘው ከሺህ አንዷን ገደማ ነው፤ ከዚያ በጣም የሚበዙት ግን ማኅፀናቸው ቅርጹ የተዛባ፣ ለማርገዝም ላረገዙትም ለማቆየት የተቸገሩ ሆኑ። ዲ.ኢ.ኤስ. ከዲ.ዲ.ቲ. እጅግ የበረታ ነው፤ ሁለቱን እኩል ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የእንግዴ ልጁ እንደ አጥር ሁሉን አይከለክልም።

ሰው ላይ ምን ታየ?

ዲ.ዲ.ቲ. ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስብ ይወዳል። የገባበት ሰውነት ስብ ውስጥ ተጠግቶ ዓመታት ይቀመጣል። ላም የበላችው ወደ ወተትና ቅቤ፣ ዓሣ የበላው ወደ ሥጋው፣ እናት የበላችው ወደ ፅንሱና ወደ ጡት ወተቷ ይሻገራል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣዎችና በአካባቢው ወፎች ውስጥ መገኘቱም ተመርምሮ ተጽፏል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የቀረበው ከኦሞ ማዶ የተሠራው ነው። ከሐዲያ ምድር ወደ ምዕራብ ወንዙን ተሻግረን ብንሄድ የጅማ አገር ነው። በ2013 የታተመ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተማ የእናቶችንና የላሞችን ወተት መረመረ። ዲ.ዲ.ቲ. በሁለቱም ተገኘ። ጨቅላዎቹ ከእናታቸው ጡት በቀን በአማካይ የሚያገኙት በአንድ ኪሎ ክብደታቸው 62 ማይክሮግራም ገደማ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ያስቀመጡት ጣሪያ ግን 20 ነው። ይህም ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። የጡት ወተቱ የሚነግረን የሕፃኑን ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ፅንሱ በምን ውስጥ ሲዋኝ እንደነበረ ጭምር ነው።

ታዲያ በልጆቹ አካል ላይ ምን ደረሰ? ለዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ፤ ሁኔታው የኛን ስለሚመስል። በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር የወባ አገር በሆነ አካባቢ ከ2004 እስከ 2006 የተወለዱ 3,310 ወንዶች ልጆች ተመረመሩ። ከነዚህ 357ቱ በሽንትና በመራቢያ አካላቸው ላይ ጉድለት ነበረባቸው። ቆለጥ ያልወረደ አለ፤ የሽንት ቀዳዳው ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥር የተከፈተ አለ፤ ሌላም አለ። እናቶቻቸው ዲ.ዲ.ቲ. በተረጨበት መንደር የኖሩ ልጆች ላይ ጉድለቱ የመገኘቱ ዕድል ካልተረጨበት መንደር በ33 በመቶ ይበልጥ ነበር። እናቲቱ የቤት እመቤት ሆና ቤት የምትውል ከሆነች ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት። 33 በመቶ ማለት ከመቶ ልጅ 33ቱ ጎዶሎ ሆነው ይወለዳሉ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ባልተረጨው መንደር ከመቶ 9 ቢሆን፣ በተረጨው ወደ 12 ይጠጋል ማለት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ደህና ሆነው ይወለዳሉ። በግል ስናየው ትንሽ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት በየዓመቱ የሚረጭበት አገር ሲታሰብ ግን ትንሽ አይሆንም።

ሁሉም ጥናት አንድ ቃል ይናገራል ማለትም አይደለም። በካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ ገደማ የተወለዱ ወንዶች ላይ የእናቶቹ ደም ተቀምጦ ኖሮ ሲመረመር፣ ከቆለጥ አለመውረድ ጋር ግልጽ ግንኙነት አልተገኘበትም። በዚያው ምርመራ የሴቶቹ ልጆች ነገር ግን ሌላ ሆነ። በእናታቸው ደም ውስጥ ዲ.ዲ.ቲ. በርከት ብሎ የተገኘባቸው ሴቶች ልጆች ለማርገዝ ይበልጥ ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር። በ2015 የወጣው ውጤት ደግሞ ከፍተኛ መጠን ካገኛቸው መካከል በ52 ዓመታቸው የጡት ካንሰር የያዛቸው ወደ 4 እጥፍ መጠጋታቸውን አሳየ። ይህ የኤስትሮጅን መሰሉ ቅንብር ውጤት ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚከብደኝ ይኼኛው ነው። ልጅቷ ሳትወለድ የተነካች፣ የታመመችው ግን አያት ለመሆን በደረሰችበት ዕድሜ!

ስለዚህ ምን ይባል? ወባስ?

ወባን ረስቶ ስለ ዲ.ዲ.ቲ. መናገር አይቻልም። ወባ ራሱ ነፍሰ ጡርን ደም ያሳጣል፣ ፅንስ ያስወርዳል፣ ሕፃኑን ከክብደት በታች ያስወልዳል። ስለዚህ ስቶክሆልም ላይ በ2001 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዲ.ዲ.ቲ. ለእርሻ እንዳይውል ሲከለክል፣ ወባ ለሚያሰቃያቸው አገሮች ቤት ለመርጨት ብቻ በር ክፍት ተወላቸው። ኢትዮጵያም በ2003 ስምምነቱን አጽድቃለች። አገራችን የቤት ርጭቱን በ2009 ገደማ ያቆመችው ታዲያ ስለ ፅንሱ ተጨንቃ አይደለም፤ ትንኟ ስለለመደችውና መሞት ስለተወች ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቅመሞች ተተክተዋል። ኬሚካል የነካው የአልጋ አጎበርም ለነፍሰ ጡር የሚመከር እንጂ የሚፈራ አይደለም።

ርጭቱ ቆመ ማለት ግን ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ቀድሞ የገባው በአፈርና በሰው ስብ ውስጥ ገና አለ። ሁለተኛ፣ ለወባ የመጣው ዲ.ዲ.ቲ. በጓሮ በር እየወጣ ወደ ገበያ ሲገባ ኖሯል። ጫት ላይ መረጨቱ የታወቀ ነው። ለቁንጫና ለትኋን መኝታ ላይ የሚነሰንስ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ጎተራ ውስጥ ከእህል ጋር የሚቀላቅል ነበር፤ ያ እህል ተፈጭቶ ቂጣ ይሆናል። ከአሮጌው ክምችት በሺህ የሚቆጠር ቶን ያረጀ ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተቀምጦ ኖሮ፣ ከፊሉ እንዲቃጠል ወደ ውጭ አገር እስኪጫን ደርሷል።

ስለ ባዶ ዕቃውም አንድ ነገር እንበል። ማላታይን ወይም ቱፎርዲ የያዘ ጀሪካን ታጥቦ የውኃ መቅጃ፣ የዘይት ወይም የአረቄ ማስቀመጫ ሲሆን ያላየ የለም። መድኃኒት ቸርቻሪውም በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዳ ያለ ጽሑፍ ይሸጣል። ፕላስቲክ ቅመሙን ስለሚመጥ በአመድና በሳሙና ቢታጠብም አይጠራም። የፀረ ተባይ መመዝገቢያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 674 በ2010 ወጥቷል፤ ገበያ ላይ ያለውን ሁሉ አዋጅ ብቻውን አይደርስበትም እንጂ። ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚገቡ ፍታሌት የሚባሉ ቅመሞችም የወንድ ሆርሞንን እንደሚቀንሱ ታውቋል፤ የፈላ ወጥና ትኩስ ሻይ በስስ ፕላስቲክ ከመያዝ ሸክላና ቆርቆሮ ኩባያ ይሻላል።

ይህን ያነበበች ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ሠልጣኝ ደንግጣ ጡት እንዳትከለክል በግልጽ መናገር ይገባል። በጡት ወተት ውስጥ ዲ.ዲ.ቲ. ቢኖርም ከማጥባት የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው አጥቡ ነው። በእጇ ያለው ነገር ሌላ ነው። በእርግዝና ጊዜ እርሻና ጫት ከሚረጭበት መራቅ፣ የረጩትን ሰዎች ልብስ አለማጠብ፣ እህልና ቅጠላ ቅጠልን ደህና አድርጎ ማጠብ፣ የመርዝ ዕቃ ወደ ማጀት አለማስገባት።

በመጨረሻ ለመምህራን የቀረ ነገር አለ፤ ነገ የምንመደበው ሐኪም በቅርብ ወደማይገኝበት ቀበሌ ነውና። ቆለጡ ያልወረደ ወይም የሽንት ቀዳዳው ከሥር የሆነ ልጅ ሲወለድ እናቲቱ ትወቀሳለች። እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ ጥፋት ሠርታ ነው ይባላል። ልጁ ቆሞ መሽናት ስለማይሆንለት ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ይሸሻል፤ ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ አይወርድም፤ አንዳንዱም ከናካቴው ትምህርት ይተዋል። ለዚህ ልጅ ጉድለቱ ከምን እንደመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ በዘርም ይመጣል፣ ያለ ምክንያትም ይመጣል፣ ቅመሙ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሊድን የሚችል መሆኑን ግን መናገር ይቻላል።

የሽንት ቀዳዳው ከሥር የሆነ ልጅ ፈጽሞ መገረዝ የለበትም። ሐኪሙ ቀዳዳውን እስከ ጫፍ ለማድረስ የሚጠቀምበት ያንኑ ሸለፈት ነው፤ ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ ጥገናው እጅግ ይከብዳል። በአካባቢያችን ግርዛት ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለአባትየውና ለገራዡ መንገር ያስፈልጋል። ቆለጡ ያልወረደ ልጅ ደግሞ እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል። በ6 ወር ካልወረደ 18 ወር ሳይሞላው ቀዶ ጥገና ቢደረግለት ይመረጣል። ከዘገየ የመውለድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ካደገ በኋላም ለካንሰር ያለው ሥጋት ይጨምራል። ወላጆች መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሄደው ቢያስመረምሩት፣ እዚያ የማይሠራ ከሆነ ወደሚሠራበት የላኪ ወረቀት ይጻፍላቸዋል።